የአያቴ ጭቃ ቤት ይድናል ወይ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጉለሌ ውስጥ ከአያቴ የወረስነው ቤት አለ። ታቹ ድንጋይ ነው፣ ላዩ ጭቃ። ፊት ለፊቱ የእንጨት በረንዳ አለው። አያቴ ካረፈች ወዲህ ስምንት ዓመት ተዘግቶ ቆይቷል። ጣራው ያፈሳል። የጓሮው ግድግዳ ወደ ውጭ ሆድ አውጥቷል። የአንዱ ክፍል ወለል ሰምጧል። አንድ ግንበኛ አይቶት «ጭቃውን ገፈን በሲሚንቶ እንለስነው» አለ። ሌላው «አፍርሰሽ በብሎኬት ሥሪ» አለኝ። እኔና ወንድሜ ግን ቅዳሜና እሁድ በራሳችን እጅ ልናድሰው አስበናል። ሙያው የለንም። ከየት እንጀምር?

ምላሽ፦ እህቴ፣ ቤቱ ይድናል። ከጻፍሽልኝ ውስጥ «አለቀለት» የሚያሰኝ ነገር አላገኘሁም። ጣራ ማፍሰሱ፣ ግድግዳ ሆድ ማውጣቱ፣ ወለል መስመጡ ሦስት በሽታ ይመስላል። በእኔ ግምት ግን በሽታው አንድ ነው። ውሃ ነው።

ሃያ ሰባት ዓመት በዚህ ሥራ ኖሬያለሁ። ጭቃ ቤት በእርጅና ሲሞት አላየሁም። የሚገድለው ወይ ውሃ ነው፣ ወይ ሲሚንቶ። ሲሚንቶውም ቢሆን የሚገድለው ውሃውን አፍኖ ስለሚይዝ ነው። ስለዚህ «ከየት እንጀምር?» ላልሽው መልሴ አጭር ነው፤ ውሃው ከሚመጣበት።

ከዚያ በፊት ግን ወረቀት። አሰልቺ እንደሆነ አውቃለሁ። ካርታው አሁንም በአያትሽ ስም ከሆነ ወደ ወራሾች ይዙር። ቦታው በመልሶ ማልማት ወይም በኮሪደር ልማት ፕላን ውስጥ መግባት አለመግባቱን ክፍለ ከተማ ሄዳችሁ ጠይቁ። ሁለት ዓመት የለፋችሁበት ቤት ላይ በመጨረሻ «ይፈርሳል» የሚል ቀይ ቀለም ሲቀባበት ማየት አልፈልግም። ቤቱ በቅርስነት ተመዝግቦ እንደሆነም አጣሩ። ከተመዘገበ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የቅርስ ባለሥልጣን ሳይፈቅድ ጥገና አይጀመርም። ባይመዘገብም የእድሳት ፈቃድ ምን እንደሚጠይቅ ከወረዳው ተረዱ። «አፍርሰሽ ሥሪ» ያለሽ ሰው ይህን አልነገረሽም መሰለኝ። አሮጌ ቤት ካፈረሱ በኋላ አዲሱ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ስፋት ላይፈቀድ ይችላል።

በነገራችን ላይ ቤቱ በቤተሰብ እጅ መቆየቱ ትልቅ ዕድል ነው። በ1967ቱ አዋጅ ከተወረሱት ትርፍ ቤቶች ብዙዎቹ ወደ ቀበሌ ገቡ። ኪራዩ ጥቂት ብር ነበር። ተከራዩ «ቤቱ የኔ አይደለም» ብሎ አልጠገነም። ቀበሌው ደግሞ በዚያ ኪራይ ምኑን ይጠግን? ፒያሳና አራዳ ስንት የሚያምር ቤት በዚህ ዓይነት አለቀ።

አሁን ወደ ጣራው። ጣራ ላይ እናንተ አትውጡ። የበሰበሰ ማገር ከላይ ሲያዩት ደህና ይመስላል፤ ሲረግጡት ነው የሚናገረው። ቆርቆሮ የሚመታ ደህና አናጺ ፈልጉ። ምናልባት «ሁሉም ይቀየር» ይላችኋል። ቶሎ እሺ አትበሉ። ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው በሦስት ቦታ ነው፤ በሚስማሩ ቀዳዳ፣ በጣራው አናት ላይ በሚደፋው ቆርቆሮ ሥር፣ በረንዳው ከቤቱ በሚጋጠምበት መስመር። የድሮው ቆርቆሮ ዛሬ በርካሽ ከሚሸጠው ይወፍራል። ላዩ ዝጎ ቢታይም ውስጡ ጤነኛ ሊሆን ይችላል። መቀየር ግድ ከሆነ ስትገዙ ጌጁን፣ ማለትም የውፍረቱን ቁጥር፣ ጠይቁ። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቆርቆሮው ይወፍራል። 35 ጌጅ ከ28 ጌጅ በጣም ይሳሳል። ሻጩ ግን ይህን አያስረዳሽም።

አንድ ነገር አደራ። ከግድግዳው አልፎ የሚወጣውን የጣራ ጫፍ እንዳያሳጥሩባችሁ። አናጺው ቆርቆሮ ለመቆጠብ «እዚህ ጋ ብንቆርጠውስ?» ማለቱ አይቀርም። የድሮ ሰው ያንን ጫፍ ስልሳ ሳንቲሜትርና ከዚያም በላይ ያወጣው ለጌጥ አልነበረም። ጭቃ ግድግዳ ባርኔጣ ይፈልጋል። ገንዘቡ አሁን ካልደረሰ ደግሞ ሸራ አልብሱትና በገመድ ጥፍር አድርጋችሁ እሰሩት። ለአንድ ክረምት ይበቃል።

ቀጥሎ መሬቱ። ሰው የሚዘነጋው ይሄኛውን ነው። እኔ ደግሞ መጀመሪያ የማየው ይሄንኑ ነው።

ቤቱ ሲሠራ የድንጋዩ ግንብ ከመሬት በላይ ጉልበት ድረስ ይታይ ነበር። ከዚያ ወዲህ አመድ ተደፋ፣ አፈር ተጠረገ፣ ጎረቤት ግቢውን ከፍ አደረገ። በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እያለ መሬቱ ወጣ። አሁን ድንጋዩ ተቀብሮ ጭቃው ራሱ አፈር ውስጥ ቆሟል። አፈር ውስጥ የቆመ ጭቃ ከሥር ይጠጣል። ጭቃው ውስጥ የቆሙት እንጨቶች፣ የቋሚዎቹ፣ እግር ይበሰብሳል። ጉለሌ ደግሞ ተዳፋት ነው፤ ውሃው ከእንጦጦ በኩል ነው የሚወርደው። ጓሮሽ ወደ ዳገቱ የሚያይ ከሆነ፣ ያ ግድግዳ ሆድ ያወጣበት ምክንያት ከዚህ የራቀ አይመስለኝም።

ይህ ሥራ የእናንተ ነው። አካፋ፣ ዶማና ጥቂት ቅዳሜዎች ነው የሚፈልገው። በግድግዳው ዙሪያ ያለውን አፈር እየጫራችሁ አውጡት። የድንጋዩ ግንብ እስኪገለጥና መሬቱ ከጭቃው ሥር ቢያንስ ሃያ ሳንቲሜትር ዝቅ እስኪል። በአንድ ጊዜ ዙሪያውን አትክፈቱት፤ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍታችሁ፣ አይታችሁ፣ ወደሚቀጥለው እለፉ። ከመሠረቱ ድንጋይ በታች ደግሞ በፍጹም አትቆፍሩ። ከዚያ መሬቱ ከቤቱ እንዲሸሽ አድርጉት፤ በአንድ ሜትር አምስት ሳንቲሜትር ቢያዘቀዝቅ በቂ ነው። በዳገቱ በኩል ከግድግዳው ራቅ አድርጋችሁ ቦይ ቆፍሩ። ውሃው ቤቱን ሳይነካ ዞሮ ይሂድ። ቦዩ የጎረቤት ግድግዳ ላይ እንዳይፈስ ግን ከጎረቤት ጋር ተነጋገሩ። በውሃ የተነሣ ጠብ በፍርድ ቤትም አያልቅም።

«ዙሪያውን በሲሚንቶ ብንለስነውስ?» ትይኝ ይሆናል። እስከ ግድግዳው ጥግ ድረስ አይሁን። መሬቱ በላይ በኩል መተንፈስ ካቃተው እርጥበቱ ያለው መንገድ አንድ ነው። በግድግዳሽ ይወጣል።

የሰመጠው ወለልም የዚሁ ታሪክ ተከታይ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ጣውላ ከሆነ፣ ከውጭ በኩል የድንጋዩን ግንብ ልብ ብለሽ እዪው። ትንንሽ ቀዳዳዎች ይኖራሉ። የወለሉ መተንፈሻ ናቸው። አይጥ እንዳይገባ ተብሎ በጨርቅ፣ በድንጋይ ወይም በሲሚንቶ ይደፈናሉ። ከዚያ ከሥሩ ያለው እንጨት ታፍኖ ይበሰብሳል። ክፈቷቸውና ጥቅጥቅ ያለ የሽቦ ወንፊት ምቱባቸው። ወለሉን ደግሞ ከግድግዳው አጠገብ ሁለት ሦስት ጣውላ ብቻ አንሥታችሁ እዩ። አብዛኛውን ጊዜ የሚበሰብሰው ግድግዳ ላይ የሚያርፈው የእንጨቱ ጫፍ ነው፤ መሐሉ ደህና ነው። ጫፉን ቆርጦ በደረቅ እንጨት መቀጠል ለአናጺ የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ጣራው ከተደፈነና ውሃው መንገድ ከያዘ በኋላ የምጠይቅሽ ነገር ወንድምሽን ያናድደው ይሆናል። አንድ ክረምት ጠብቁ። ግድግዳውን አትንኩት። ሐምሌና ነሐሴ ዶፉ ሲወርድ ጃንጥላ ይዘሽ ቤቱን ዙሪው። ውሃው ከየት ይንጠባጠባል? የት ይቋጥራል? የትኛው ግድግዳ ጥቁረቱ አይለቅም? ይህን ማንም ግንበኛ በአንድ ጉብኝት አይነግርሽም። ስንጥቆቹን ደግሞ በእርሳስ ጫፍ ጫፋቸው ላይ ምልክት አድርጊና ቀኑን ጻፊበት። ከአራት ወር በኋላ ስንጥቁ ምልክቱን ካለፈ ቤቱ አሁንም እየሄደ ነው። ካላለፈ የድሮ ቁስል ነው፤ በጭቃ ይደፈናል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ለእንደዚህ ያለ ሥራ ነው።

የቤቱን ክብደት የሚሸከመውን እንጨት ለመፈተሽ ካቻቢቴ ይበቃሻል። በየቋሚው እግር፣ ከመሬት ቅርብ በሆነው ቦታ ወጋ ወጋ አድርጊው። ጫፉ ብቻ ከነከሰ እንጨቱ ጤነኛ ነው። እንደ ዳቦ ከገባ በስብሷል። እንጨቱ ጥድ ወይም ወይራ ከሆነ ደስ ይበልሽ፤ ምስጥም ብስባሽም ቶሎ አይደፍራቸውም። ባሕር ዛፍ ከሆነ ይበልጥ ተጠንቅቀሽ ፈትሺ። እግሩ ብቻ የበሰበሰ ቋሚ አይጣልም። ጣራው በድጋፍ ይያዝና የበሰበሰው ተቆርጦ በሥሩ ድንጋይ ይገባለታል። ይህን ግን ለብቻችሁ አትሞክሩት። ድጋፉን የሚያቆም ልምድ ያለው አናጺ ይኑር፤ እናንተ አቀባይ ሁኑ።

ሆድ ያወጣውን ግድግዳ በእጅሽ አንኳኪው። ባዶ ድምፅ ከሰጠ ጭቃው ከማገሩ ለቋል ማለት ነው፤ እንጨቱ በቦታው አለ። ይህ ቀላል ነው። የለቀቀውን ብቻ አውርዳችሁ እንደገና ትመርጋላችሁ። ቱንቢ (ክር ላይ የሚንጠለጠል ክብደት) ጣሉና ቋሚው ራሱ ዘሞ ካገኛችሁት ግን ሥራው የአናጺ ነው። ያልለቀቀውን ጭቃ «ለማስተካከል» ብላችሁ እንዳትነኩት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆናል።

አሁን ወደ ሲሚንቶው ልምጣ። እዚህ ላይ የምናገረው ከራሴ ጥፋት ነው።

ወጣት ሳለሁ የእናቴን ቤት አደስኩ። ጭቃ ላይ የሽቦ ወንፊት መታሁ፣ በሲሚንቶ ለሰንኩት፣ በቀለም አሳመርኩት። ሰፈሩ ሁሉ አደነቀ። እናቴ መረቀችኝ። ሦስተኛው ክረምት ላይ ጥግ በኩል ልስኑ እንደ ቅርፊት ተላጠ። ከኋላው ያለው ጭቃ ሊጥ ሆኖ ነበር። ቋሚው በጣት ይፈርሳል። ሲሚንቶ ደረቅ ነው፣ አይንቀሳቀስም። ጭቃ ግን በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሸበሸባል። ሁለቱ ሲጓተቱ ልስኑ ይሰነጠቃል። ፀጉር በምታክል ስንጥቅ ውሃ ይገባል፤ ገብቶ ግን መውጫ የለውም። እዚያው ተቀምጦ እንጨቱን ይበላል። ከውጭ ሲታይ ቤቱ አዲስ ነው። ውስጡ እየሞተ ነው። ስለዚህ ያ ግንበኛ ተንኮለኛ ነው አልልሽም። እኔም ያኔ እንደሱ ነበርኩ።

ቤታችሁ ላይ ቀድሞ የተለሰነ ሲሚንቶ ካለ ሁሉንም በመዶሻ አታርግፉት። ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን በትንሽ መሮ ቀስ ብላችሁ አውርዱት። የያዘውን ለጊዜው ተዉት።

ጭቃ በጭቃ ነው የሚጠገነው። ደግሞ ደስ የሚለው፣ ይህን ማንም ሰው ሊማረው ይችላል።

አፈሩ ቀይ አፈር ይሁን። ጥቁሩን መረሬ አትንኩ፤ ሲደርቅ ይተረተራል። ላዩን ሣርና ሥር ያለበትን ገፍታችሁ ከሥሩ ያለውን ውሰዱ። ከግድግዳው የወረደውንም አሮጌ ጭቃ አትድፉት። ተፈጭቶና ተነፍቶ እንደገና ይቦካል። ጥራቱን ለማወቅ አፈሩን በጥቂት ውሃ ለውሳችሁ ሦስት ሳንቲሜትር የሚወፍር ጥቅል አድቦልቡሉ። ከዚያ ከጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ቀስ እያላችሁ ወደ ውጭ ግፉት። አምስት ሳንቲሜትር ሳይሞላ ከተቆረጠ አሸዋ በዝቶበታል። ከዐሥራ አምስት ካለፈ ሸክላነቱ በዝቷል፤ አሸዋ ይጨመርለት። በመሐል ከሆነ እሰየው።

ጭዱ የጤፍ ይሁን። ቀጭንና ለስላሳ ስለሆነ ጭቃውን እንደ ክር ይይዘዋል። አፈሩን፣ ጭዱንና ውሃውን ጉድጓድ ውስጥ ለውሳችሁ በእግር ርገጡት። ከመርገጣችሁ በፊት ጠርሙስ ስባሪና ሚስማር እንዳይኖርበት አፈሩን ንፉት፤ ቡት ጫማ ብታደርጉ ይሻላል። ሸራ አልብሳችሁ በየሁለት ሦስት ቀኑ ውሃ ጨምራችሁ እንደገና ርገጡት። ሁለት ሦስት ሳምንት ይቡካ። ይሸታል። ጎረቤት ያማርራል። መሽተቱ ግን መብሰሉን ነው የሚነግራችሁ፤ ጭዱ ሟሙቶ ጭቃው እንደ ሙጫ ይያያዛል። በተቦካ ማግስት የሚመረግ ጭቃና ይሄኛው አይገናኙም።

ከመምረጋችሁ በፊት ልዩ ልዩ ድብልቅ ሠርታችሁ ጓሮ ግድግዳ ላይ መዳፍ መዳፍ የሚያህል ለጥፉና ሳምንት ጠብቁ። ያልተሰነጠቀውን ምረጡ። ሥራው ከመስቀል በኋላ ቢሆን ይመረጣል፤ ጥቅምትና ኅዳር ግሩም ናቸው። አሮጌውን ግድግዳ በውሃ አርጥቡት፤ በደረቅ ግድግዳ ላይ የተመረገ አይይዝም። ጭቃውን አትቀቡት፣ ወርውሩት። ማገሩ መሐል ሰርስሮ እንዲገባ በኃይል ነው የሚመታው። አንዱ ንብር ከሦስት ሳንቲሜትር አይወፍር። ሳይደርቅ በጣቶቻችሁ ቦጫጭሩት፤ የሚቀጥለው ንብር የሚይዝበት ያገኛል። እስኪደርቅ ጠብቁ። ይሰነጠቃል፤ አትደንግጡ፤ የመጀመሪያው ንብር ሁልጊዜ ይሰነጠቃል። ሁለተኛው ሳስቶ፣ ጭዱ ደቅቆ ይመጣል። ለመጨረሻው የተነፋ አፈር፣ ደቃቅ አሸዋና እበት። እበቱን የከተማ ልጅ ይጸየፈዋል። ሲደርቅ ሽታ የለውም። ግድግዳውን እንዳይቦን ያደርገዋል።

በላዩ ፕላስቲክ ቀለም አይቀባም፤ እሱም እንደ ሲሚንቶው ያፍናል። ኖራ ቀቡት። በከረጢት ዱቄቱ የሚሸጠውን ግዙ፤ የኖራውን ድንጋይ ገዝታችሁ ራሳችን በውሃ እናጥፋው አትበሉ፤ ይፈላል፣ ያቃጥላል። ዱቄቱን ወደ ውሃው ነው የሚጨምሩት። እንደ ወተት ቀጥኖ፣ በረጠበ ግድግዳ ላይ፣ አራት አምስት ጊዜ። የመጀመሪያው ቀን ምንም የተቀባ አይመስልም። ሲደርቅ ይነጣል። ዓይናችሁን በመነጽር፣ እጃችሁን በጓንት ሸፍኑ።

ስለ በርና መስኮቱ ብዙ አልልም። በአልሙኒየም እንዳትቀይሩት ብቻ። ግን አሮጌ የዘይት ቀለም በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉ። የድሮ ቀለም እርሳስ የተባለው መርዘኛ ብረት ሊኖርበት ይችላል። እያረጠባችሁ ፈግፍጉ፣ የወረደውን ሰብስቡ፣ ሕፃንና ነፍሰ ጡር አጠገቡ አይድረሱ።

ኮርኒሱ አቡጀዲ ከሆነ ስታወርዱት አፍና አፍንጫችሁን በደንብ ሸፍኑ። የስንት ዓመት አቧራና የአይጥ ኩስ ነው የሚወርደው። ከግድግዳው ቀለም ሥር የተለጠፈ ጋዜጣ ብታገኙ ግን ቶሎ አትቅደዱት። ቀኑን አንብቡ፣ ፎቶ አንሡት። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ «አዲስ ዘመን» ሳነብ ግማሽ ቀን ሥራ ፈትቻለሁ። ደግሞም ግድግዳው መቼ እንደተነካ ይነግራችኋል።

ኤሌክትሪኩን ፈቃድ ላለው ባለሙያ ስጡ፤ የድሮው ገመድ በሙሉ ይውጣ። በጥር 2007 ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል ያየ ሰው፣ አሮጌ እንጨት ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚነድ አይጠፋውም። ለአናጺው፣ ለጣራውና ለኤሌክትሪኩ ነው ገንዘባችሁን የምታስቀምጡት። አፈር ማውጣቱን፣ ጭቃውንና ኖራውን በራሳችሁ። በቅዳሜና እሁድ ብቻ ከሆነ ሁለት ዓመት፣ ምናልባትም ሦስት ገምቱ።

ግቢው ውስጥ ማድ ቤት ካለ መጀመሪያ እሱን ምረጉ። እጃችሁ እዚያ ይፍታታ፤ የመጀመሪያው ግድግዳ ጠማማ መሆኑ አይቀርም። አሁን ግን ይህን ሁሉ ተዪና የፊታችን ቅዳሜ አንድ ነገር ብቻ አድርጊልኝ። ሆድ ካወጣው ግድግዳ ሥር በርዝመት ግማሽ ሜትር ያህል አፈር ጫሪ። የቋሚውን እግር ፎቶ አንሺ። ካቻቢቴው ስንት ጣት እንደገባም ጻፊልኝ። አናጺው ከጣራው ወይስ ከግድግዳው ይጀምር የሚለውን ያኔ እነግርሻለሁ።